ስድስት ጥቃቅን ጥገናዎች

ያን ማክሰኞ ዱሬሳን በጥፊ ያላጮልኩት ዐሥራ አንድ ሰው እያየኝ ስለነበር ብቻ ነው። ለሽምግልናችን አምስት ቀን መቅረቱ፣ የሁለት ዓመት ፍቅራችን፣ ምንም አልታየኝም። የታየኝ በስብሰባው ክፍል ግድግዳ ላይ የበራው የኔ ሰንጠረዥና ከአጠገቡ ቆሞ «እኔ በዚህ አልስማማም» የሚለው የወደፊት ባሌ ነው።

ስሜ የወርቅውሃ ነው። ቁጡ ነኝ። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድም የጮኸችው ተናዳ ነው» ትላለች። በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው፣ አሶሳ አጠገብ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር በተሰጠው መንደር የሰፈሩ ሰዎች ልጅ ነኝ። ሥራዬ በሸርቆሌ፣ በሆሞሻና በጉባ ያሉ ጤና ጣቢያዎችን አሶሳ ካሉ ሐኪሞች ጋር በቪዲዮ የሚያገናኝ ፕሮጀክት ውስጥ ነው። እኔ ቢሮ ሆኜ ፕሮግራሞቹን እመርጣለሁ፤ ዱሬሳ ደግሞ አንቴናና ላፕቶፕ ተሸክሞ እየዞረ ይተክላል።

የተዋወቅነውም በዚያው አንቴና ነው። ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠና የታቀፈው ብረት ጎኔን ወጋኝ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ወጋሁሽ እንዴ?»

«ኧረ ምንም! እየኮረኮርከኝ ነው።»

ሣቀ። ከዚያ አንቴናውን በሁለት እጁ ከጭንቅላቱ በላይ አነሣው። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ እሱ ግን እንዳነሣው ነው። አሶሳ ልንገባ ስንል እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁና «በቃ፣ አውርደው» አልኩት።

«አላወርድም» አለኝ፣ ባምባሲ ባደገ ሰው ለስላሳ አነጋገር። «ትቆጪኛለሽ።»

እንዲህ ነው የጀመርነው። እሱ የወለጋ ሰው ልጅ፣ ጴንጤ፤ እኔ የወሎ ሰፋሪ ልጅ፣ ኦርቶዶክስ። እናቴ በዚህ ስድስት ወር አኩርፋ፣ በሰባተኛው ወር የተበላሸ ቴሌቪዥኗን ሲጠግንላት ታረቀችው። ከባዱ ያለፈ መስሎኝ ነበር።

አሁን ወደ ማክሰኞው ልመለስ፤ ገና ንዴቴ አልበረደም።

ድሮ የምንጠቀምበትን የቪዲዮ ፕሮግራም ሠሪዎቹ ከተዉት ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። እኛ አላወቅንም። አምና አንድ ከሰዓት በኋላ ሸርቆሌ ያለች አዋላጅ ነርስ፣ ደም የሚፈሳት እናት ይዛ ሐኪሙ እንዲያይላት ስትሞክር አልከፍት አላት። ስልኳ አዲስ ነው፤ ፕሮግራሙ አዲስ ስልክ ላይ አይሠራም፤ የሚያስተካክለው ሰው ደግሞ በዓለም ላይ የለም። እናቲቱን በአምቡላንስ አሶሳ አድርሰው እግዚአብሔር አተረፋት። አዋላጇ ግን ለኔ ደውላ «የት ናችሁ? የት ናችሁ?» እያለች ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ «አዲስ ምረጪ» ስባል ስለ መልኩና ስለ ቀለሙ አልጠየቅኩም። ሠሪዎቹ አሉ ወይስ የሉም? የጠየቅኩት ይህንን ብቻ ነው። የእነዚህ ፕሮግራሞች ኮድ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደጠገነ ይታያል። ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔ እስኪቀላ ቆጠርኩ። ከሰባት ፕሮግራሞች ሁለት ቀሩ። በምልክታቸው ቀለም «ቀዩ» እና «ግራጫው» አልናቸው።

ቀዩ የሚያስቀና ነው። በዓመት ከሃምሳ ጊዜ በላይ ይታደሳል፤ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ይሠሩበታል፤ ችግር ሲነገራቸው በሁለት ቀን ይመልሳሉ። ግራጫው ግን በዓመት አንዴ ቢታደስ ነው። ሦስት ሰዎች አሉት፤ አንደኛው የሚጽፈው ስለ ወገቡ ሕመም ነው። አራተኛ ስምም ነበር፤ በእንግሊዝኛ ፊደል «ቡሴ» ይላል። የቱርክ ድራማ ላይ እንዲህ ዓይነት ስም ስለሰማሁ ቱርካዊት መሰለችኝ። በሰንጠረዡ አራተኛ ረድፍ ላይ «ስድስት ጥቃቅን ጥገናዎች፤ ከቁጥር አይገባም» ብዬ ጻፍኩ።

በስብሰባውም እንዲሁ አነበብኩት። «አራተኛዋ እንኳን ለማሟሟቂያ የገባች ናት» ስል ሁሉም ሣቀ። ዱሬሳ አልሣቀም። ወለሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ተነሣ።

«ቀዩ በየሳምንቱ ይታደሳል፣ እውነት ነው» አለ። «ግን ካላደሱት አይከፍትም። አንዱ እድሳት ሁለት መቶ ሜጋ ነው። ትናንት ሆሞሻ ላይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄ አላለቀልኝም። ነርሷ ያንን ስትጠብቅ በሽተኛው ምን ይሁን? እኔ ግራጫውን ነው የምለው።»

ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። አለቃችን ውሳኔውን ለሰኞ አስተላለፈው። እኔ ላፕቶፔን ጠርቅሜ ወጣሁ፤ ኮሪደሩ ላይ ተከትሎኝ መጣ።

«በሰው ፊት!» አልኩት። «በሰው ፊት ታዋርደኛለህ?»

«ወርቄ፣ ልነግርሽ…»

«መቼ? አፍህን ምን ያዘው?»

«ሐሙስ ጀመርኩልሽ፤ ‹ቆጥሬ ልጨርስበት› አልሽኝ። እሑድ ደወልኩ፤ ‹ስለ ግራጫው ከሆነ አልሰማም› ብለሽ ዘጋሽብኝ።»

እውነቱን ነበር። እውነቱን መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ።

«ሦስት ሰው ብቻ ያለውን ነገር ትመርጣለህ? ነገ ሦስቱም ቢሰለቻቸውስ? ያቺን አዋላጅ ረሳሃት?»

«አልረሳኋትም። ደግሞ ሦስት ብቻ አይደሉም…»

«አሃ! ቱርካዊቷን ልትቆጥርልኝ ነው?»

አፉን ከፍቶ ነበር፤ ዘጋው። ዓይኑን ዓይኔ ላይ አሳረፈ። እንዲህ ሲያየኝ ሌላ ቀን ቢሆን እረታለሁ። ያን ዕለት ግን ፊቴን አዞርኩበት። የአንቴናውን ቦርሳ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሄደ።

ያን ቀን ጉባ ግድቡ ላይ ለሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ለስለሺ ደወልኩና ዱሬሳን አንድ ሰዓት ሙሉ አብጠለጠልኩት። አስመሳይ አልኩት። ከጀርባ የሚወጋ አልኩት። ረቡዕም ደወልኩ፣ ሐሙስም። ስለሺ «እ… እ…» እያለ ይሰማኛል። ወንድሜ እንደኔ አይጮኽም፤ የሰማውን ግን አይረሳም።

ሽምግልናውን ልሰርዘው ስልኩን ስንት ጊዜ አነሣሁ መሰላችሁ። አቃተኝ። ስናደድበትም እወደዋለሁ፤ ይሄ ደግሞ ጭራሽ ያናድደኛል።

በእኛ ቤት አያቴ ከወሎ ይዞት የመጣ ሥርዓት አለ። ሽማግሌ ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል። የቤቱ ባለቃል «ተቀመጡ» ካለ ልጅቷ ተፈቀደች ማለት ነው። ካላለ ሽማግሌው እንደቆመ ይመለሳል፤ ሌላ ቀን እንደገና ይመጣል። አባቴ ካረፈ ወዲህ ቃሉ የስለሺ ነው። እሱ ደግሞ ለዚያ እሑድ ፈቃድ አላገኘም።

«በቪዲዮ እገባለሁ» ብሎን ነበር። «በስልክ ድምፅ ብቻ ግን አይሆንም። ፊታቸውን ሳያይ እህቱን የሰጠ ተብዬ ልኑር?»

ከዱሬሳም በኩል ችግር ነበር። እናትና አባት ሆነው ያሳደጉት አጎቱ ኦቦ ሂርጳ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ይታመማሉ፤ ኩሩም ናቸው። «አንድ ጊዜ እመጣለሁ» ብለው ልከዋል። «ቆሜ ከተመለስኩ ግን ያንን ደጅ ሁለተኛ አልረግጥም። ያለ እኔ ደግሞ ልጄ ሚስት አያገባም።» ስለዚህ ነገሩ ቁርጥ ነው። እሑድ ወይ ይቀመጣሉ፣ ወይ እኔና ዱሬሳ አበቃልን።

ስለሺ በምን እንደሚገባ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቀዩን አስጭኜው ነበር። ከማክሰኞ በኋላ ልቀይረው እችል ነበር፤ እልህ ያዘኝና አልቀየርኩም።

እሑድ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ኦቦ ሂርጳ በከዘራ፤ የሆሞሻው ሼህ ሚፍታህ፣ ዱሬሳ ለሥራ ሲሄድ ቤታቸው የሚያድርባቸው አባት፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፤ ሦስተኛው የአሶሳ መምህር። ሳሎን ገብተው ተርታውን ቆሙ። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አዘጋጅቼ ስለነበር እኔ ከውስጠኛው ክፍል መጋረጃ ጀርባ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ለጋብቻ የምትጠየቅ ልጅ በዚያ ቀን ድምፅዋ አይሰማም።

ስልኬ ጮኸ። ስለሺ ነው።

«ይሄ ቀዩ ‹አዲስ ወጥቷል፣ ካላደስክ አልከፍትም› ይላል።»

«አድሰዋ!»

«እያደስኩ ነው። ሦስት ፐርሰንት።»

ትናንት ማታ የወጣ እድሳት ነበር። በሰው ፊት ያሞገስኩት የነዚያ መቶ ሰዎች ትጋት።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ ስምንት ፐርሰንት ሆነ። ሳሎን ውስጥ እናቴ መቋቋም አቃታት።

«ኧረ በሞቴ! ኧረ እኔን አፈር ያልብሰኝ፣ አረፍ በሉ!»

«አዴ፣ ቃሉ የልጁ ነው» አሏት ኦቦ ሂርጳ። «እኛ እንቆማለን።» ከዘራው ወለሉን ሲጭር ይሰማኛል፤ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ ነው።

«ወላሂ፣ እኔ መቆም ችግር የለም» አሉ ሼህ ሚፍታህ። «ሂርጳ ግን እግር ታሟል። ይሄ መኪና ውስጥ ያለው ልጅ መቼ ይመጣል?» አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ላፕቶፑን ማለታቸው ነው።

ዐሥራ አንድ ፐርሰንት። መጋረጃውን ከፈት አድርጌ ሳይ የኦቦ ሂርጳ ጉልበት ይንቀጠቀጣል። ሚኒባሱ ውስጥ ያየሁት የዱሬሳ እጅ ትዝ አለኝ። ደወልኩለት።

«ስማ!» አልኩት በሹክሹክታ፤ ሹክሹክታዬም ጩኸት ነው። «‹ብዬሽ ነበር› የምትል ከሆነ ሽማግሌዎችህን አሁኑኑ በበር ነው የማስወጣቸው!»

«አልልም።»

«ወንድሜ ዐሥራ አንድ ፐርሰንት ላይ ነው። አጎትህ ሊወድቁ ነው።»

ከመንገዱ ማዶ ካለው ማንጎ ሥር እንደቆመ አውቃለሁ፤ የባጃጅ ድምፅ ይሰማል።

«የወንድምሽ ስልክ ላይ ግራጫው አለ» አለ ቀስ ብሎ። «ባለፈው ወር ጉባ ጤና ጣቢያ ስሄድ ተገናኝተን ነበር። ምሳ ጋበዘኝ። ለመጠባበቂያ ብዬ ጫንኩለት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

መልሱን እኔም አውቀዋለሁ።

ለስለሺ ደወልኩ። «ግራጫውን ክፈት» አልኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የመረረኝ ቃል የለም።

«እሱ የሞተ ነው አላልሽም እንዴ?»

«ክፈተው አልኩህ ስለሺ!»

ዓይኔን ሰብሬ ሳሎን ገባሁ፤ ላፕቶፑ ላይ ግራጫውን ከፍቼ ወደ መጋረጃዬ ተመለስኩ። ዐሥር ሰከንድ አልፈጀም። የወንድሜ ፊት መጣ፤ የሥራ ቆቡን እንዳደረገ፣ አቧራ እንደለበሰ። እናቴ «ልጄ!» አለች። ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አስተካከሉ።

ኦቦ ሂርጳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመጣነው ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው። ልጁ የወንድሜ ልጅ ነው፤ እኔ ነኝ ያሳደግኩት። አይሰርቅም፣ አይዋሽም፣ ዝም ማለት ያበዛል። ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ዱሬሳ ይባላል። ቤት ግን አያቱ ያወጣለት ስም ሌላ ነው። እኛ ቡሴ ነው የምንለው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ስሙን ደገምኩት።

ቡሴ።

ሰንጠረዤን ስልኬ ላይ ከፈትኩ። አራተኛው ረድፍ። ስድስቱን ጥገናዎች ቆጥሬያለሁ እንጂ አንዳቸውንም አላነበብኳቸውም ነበር፤ አሁን አንድ በአንድ አነበብኩ። አንደኛው፣ ኔትወርክ ሲደክም ምስሉን ትቶ ድምፁን የሚያቆይ። ሁለተኛው፣ መስመሩ ሲቋረጥ ሰው ሳይነካው መልሶ የሚያገናኝ። ሦስተኛው፣ የድሮ ስልክም አዲስ ስልክም ላይ እንዲሠራ የሚያደርግ። የመጀመሪያው የተሠራበትን ቀን አየሁ። ያቺ አዋላጅ ካለቀሰች ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

እኔ ለአንድ ዓመት ተንገበገብኩ። እሱ ለአንድ ዓመት ጠገነ። ደግሞ ዐሥራ አንድ ሰው አስቄበታለሁ። ጥፊው ይገባ የነበረው ለማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«ሰምቻለሁ አባቶቼ» አለ ስለሺ። ምስሉ ደብዘዝ፣ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀምሯል፤ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። «አመጣጣችሁን አከብራለሁ። ልጁንም አንድ ቀን አይቼዋለሁ፣ ጥሩ ሰው መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ከማክሰኞ ወዲህ እህቴ ስለሱ አንድ በጎ ቃል አልነገረችኝም። ላልተዋጠላት ሰው አልሰጣትም። ለዛሬ ተመለሱልን።»

ኦቦ ሂርጳ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጭንቅላታቸውን ነቅነቅ አደረጉና «ጋሪዳ፣ እሺ» ብለው ከዘራቸውን ወደ በሩ አዞሩ። አንድ እርምጃ። ሁለት።

መጋረጃውን በአንድ ጊዜ ቦጨቅሁት።

«ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም!»

«ዋይ! አንቺ ልጅ!» እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሼህ ሚፍታህ «ሱብሓነላህ» አሉ። ኦቦ ሂርጳ በበሩ በኩል እንዳሉ ዞረው አዩኝ። እኔ ላፕቶፑ ፊት ቆሜ ነበር።

«ስለሺ! ከማክሰኞ ጀምሮ ያልኩህን ሁሉ በንዴት ነው ያልኩህ። ተሳስቻለሁ። ትሰማኛለህ? እኔ ተሳስቻለሁ! ይሄ አሁን ድምፄን ጉባ ድረስ የሚያደርስልህ ፕሮግራም፣ እሱ ነው የጠገነው። ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳይከፍለው። እኔ ደግሞ ‹ከቁጥር አይገባም› ብዬ ጻፍኩበት፤ በሰው ፊት ሣቅኩበት። አንድም ቃል አልመለሰልኝም። ሊነግረኝ ሲል አላስጨርሰውም ነበርና። እወደዋለሁ። ካልተቀመጡ እኔም አብሬያቸው ቆሜ እሄዳለሁ!»

ላፕቶፑን አየሁ።

ማያው ላይ የስለሺ ፊት አፉን ከፈት እንዳደረገ ደርቋል። መስመሩ ሄደ አልኩ። ከየት ጀምሮ እንደሄደ አላውቅም፤ ምናልባት አንድም ቃል አልሰማኝም። እናቴ ማልቀስ ጀመረች። አምስት ሰከንድ፣ ዐሥር ሰከንድ። ምስሉ አልተነቃነቀም።

ከደረቀው ፊት ውስጥ ድምፁ መጣ፣ አጠገባችን የቆመ ያህል።

«ሰምቻለሁ» አለ። «መቼም ‹ተሳስቻለሁ› ስትይ የሰማሁት ዛሬ ነው። ፊታችሁ ጠፍቶብኛል አባቶቼ፤ ግድ የለም። ተቀመጡ።»

ኦቦ ሂርጳ ወንበሩ ላይ ሲያርፉ ያወጡት ትንፋሽ አሁን ድረስ ይሰማኛል። ሼህ ሚፍታህ «አልሐምዱሊላህ» ብለው አጠገባቸው ቁጭ አሉ፤ «ልጁ ቁጡ ነው፣ ግን ጥሩ ነው» አሉ ወደኔ እያዩ። እናቴ እያለቀሰች እልል አለች።

እኔ በጓሮ በር ወጥቼ፣ ቤቱን ዞሬ ደወልኩለት።

«ተቀመጡ?» አለኝ።

«ተቀመጡ። ቡሴ…»

ከመንገዱ ማዶ፣ ከማንጎው ሥር፣ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ አየሁት፤ እሱም አየኝ።

«ሰኞ ምን ልትያቸው ነው?» አለኝ።

«አራት ሰው አለው እላቸዋለሁ።»

«አራትም ያንሳል። እሱ ላይ አንቺ ልክ ነሽ።»

«አምስተኛዋን ታስተምራታለህ። አሁን ግን ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። አላቋርጥህም።»

«ትቆጪኛለሽ።»

«ስትጨርስ እቆጣለሁ።»

ቀስ እያለ፣ እየተንተባተበ መናገር ጀመረ። ሁለት ጊዜ አፌን ከፈትኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘጋሁት።